ማሳውን አስፋልት ያደረግኩት እኔ ነኝ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። በተለይ ያስተማርኳችሁ ልጆች ግን እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፣ ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል። በየዓመቱ «እንደ ምሳሌ ተጠቀሙበት» እያልኩ በፍላሽ የገለበጥኩላችሁ የጉደር ፎልደር ስህተት አለበት። ስህተቱ የሶፍትዌሩ አይደለም፣ የኔ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥር ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን በአንድ ወረዳ መስኖ ላይ ይሠራል። ሰላምታውን ቶሎ ጨርሶ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ቲቸር፣ የእርስዎ ሞዴል ወንዙ ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል እያለኝ ነው።»

«የቱ ወንዝ?»

ወደ ጉደር ከሚገቡት ትንንሽ ወንዞች አንዱ ነው። ገበሬዎቹ አነስተኛ የመስኖ መጥለፊያ እንዲሠራላቸው ጠይቀዋል። ወንዙ ላይ የውሃ መጠን መለኪያ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ስለዚህ ልጁ ያስተማርኩትን አደረገ፦ የኔን ፎልደር ከፍቶ፣ ለጉደር ያስተካከልኳቸውን ቁጥሮች ወስዶ ለዚያ ትንሽ ወንዝ ተጠቀመባቸው። ሞዴሉ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ዜሮ አወጣለት። ቢሮው «በበጋ ውሃ የለም» ብሎ የሰዎቹን ጥያቄ ሊዘጋው ነው።

«እና አንተን ምን አስጨነቀህ?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ትናንት እዚያው ነበርኩ እኮ። ሰዎቹ ከወንዙ ጠልፈው ድንች እያጠጡ ነው።»

ክው አልኩ። «ሁለት ቀን ስጠኝ» ብዬው ስልኩን ዘጋሁ።

ሙያው ለማይመለከታችሁ ወዳጆቼ ትንሽ ላብራራ። ስዋት የሚባል ሶፍትዌር አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጄፍ አርኖልድና ሌሎች የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ቴክሳስ ውስጥ የሠሩት ነው። መሬቱን በአፈሩ፣ በተዳፋቱና በሚበቅልበት ነገር ከፋፍሎ ይይዘዋል። ከዚያ የየቀኑን ዝናብ ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ደግሞ ይሄን ያህሉ ይሰርጋል፣ ይሄን ያህሉ ይተናል፣ ይሄን ያህሉ በጎርፍ ይሄዳል እያለ ሂሳቡን ይሠራና ወንዙ ውስጥ በየቀኑ ስንት ውሃ እንደሚያልፍ ይነግራችኋል። ኮዱ በፎርትራን የተጻፈ ነው፣ ለማንም ክፍት ነው። ካርታው የሚዘጋጅበት ኪውጂአይኤስም ነጻ ነው። የመሬቱን ከፍታ የምንወስደው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር ላይ ከተለካው ዳታ ነው፤ እሱም ነጻ ነው።

ይሄ «ነጻ» የሚለው ቃል ለኛ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ማስተርሴን ስሠራ አብዛኛው ተማሪ የሚጠቀመው የካርታ ሶፍትዌር ክራክ የተደረገ ነበር፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ቫይረሱን ይዞ ይዞራል፣ ፈተና ሲደርስ አልከፈትም ይላል። በ2009 ዓ.ም መጀመሪያ የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠ ጊዜ ስዋትንና ኪውጂአይኤስን አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ላከልኝ። ፍላሹ በአምቦ መኪና፣ በሾፌሩ ኪስ መጣ። ለሃያ ሰው ብገለብጠው ማንም ሌባ አይለኝም፤ ፈቃዱም እንዲያውም ገልብጡ ነው የሚለው። ገለበጥኩ። በኋላ የራሴን ስህተትም በዚያው መንገድ እንደማሰራጭ ግን አላሰብኩም።

አገሩንም ለማታውቁት ልንገራችሁ። (ጉደር ስል ወይኑ ትዝ የሚላችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ።) ምዕራብ ሸዋ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ሦስት ቦታ ይከፈላል። ጊንጪ አካባቢ የወረደው ወደ አዋሽ ገብቶ አፋር በረሃ ውስጥ ያልቃል። አምቦን አቋርጦ የሚያልፈው ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደር ወደ አባይ ይገባል። ከወንጪ በኩል የሚወጣው ደግሞ ጊቤንና ኦሞን ይዞ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። እኔ ያደግኩት ከጊንጪ ወደ አምቦ ሲኬድ ነው፤ የኛ ሰፈር ውሃ ግማሹ ምሥራቅ ግማሹ ምዕራብ ይሄዳል። የመመረቂያ ጽሑፌን ጉደር ላይ የሠራሁትም አገሩን አውቀዋለሁ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ስህተቱ።

ሞዴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ ውጤቱ ከእውነተኛው ወንዝ ጋር አይገጥምም። ያኔ ካሊብሬሽን ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን ከፍ ዝቅ እያደረገ መቶ ጊዜ፣ አምስት መቶ ጊዜ ይሞክርና የተሻለ የገጠመውን ይሰጣችኋል። በኔ ላፕቶፕ አንዱ ሙከራ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ አምስት መቶው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ማለት ነው። ማታ ለኩሼው እተኛለሁ። መብራት ይሄዳል። የላፕቶፑ ባትሪ አንድ ሰዓት ካንገራገረ በኋላ ይሞታል። ጠዋት ስነሳ ሦስት መቶ ሰማንያ ላይ ቆሟል፤ እንደገና ከአንድ። ይሄ ስንት ሌሊት እንደተደጋገመ አላስታውስም፤ ሳምንታት ናቸው። እናም አንድ ጠዋት ስነሳ አምስት መቶው ተጠናቆ 0.76 የሚል ቁጥር ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። እናቴ ጋ ደውዬ «ጨረስኩ» አልኳት። ምን እንደጨረስኩ ባይገባትም እልል አለች።

0.76 ምንድን ነው? ናሽ እና ሳትክሊፍ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሞዴል ማርክ ነው። 1 ካመጣችሁ ሞዴሉ ከወንዙ ጋር ፍጹም ገጠመ። 0 ካመጣችሁ የወንዙን አማካይ ብቻ ይዞ ከሚገምት ሰው አልተሻላችሁም። በሙያችን ሁሉም የሚጠቅሰው የ2007 እ.ኤ.አ. መመዘኛ በወር ሲሰላ ከ0.75 በላይ የሆነውን «በጣም ጥሩ» ይለዋል። እኔም «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ፈታኞቼም ተቀበሉት፤ ከዚያ ጽሑፍ አንድ የጆርናል መጣጥፍ ወጣ፤ በዚያ መጣጥፍ የማዕረግ እድገት አገኘሁ። ፎልደሩን ደግሞ ለእናንተ ሰጠሁ።

ልጁ የደወለ ለታ ማታ ፎልደሩን ከፈትኩት። ከስንት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት በፓይተን አጭር ኮድ ጽፌ የሞዴሉንና የተለካውን ወንዝ በሎግ ስኬል ጎን ለጎን መሳል ነው። በተራው ግራፍ ላይ የነሐሴ ሙላት ተራራ ሆኖ ይታያል፤ በጋው ከታች የተኛ መስመር ነው፤ ሁለቱ መስመሮች የተደራረቡ ይመስላችኋል። በሎግ ሲሳል ግን በጋው ወደ ላይ ይወጣል። የተለካው ጉደር በጥርም በየካቲትም ቀስ እያለ ይወርዳል እንጂ አይቆምም። የኔ ጉደር ከኅዳር በኋላ ገደል ገብቷል።

እንዴት 0.76 አመጣ ታዲያ? ሂሳቡ ቀላል ነው። ያ ማርክ ስህተቱን በራሱ እያባዛ ነው የሚደምረው። ነሐሴ ላይ ወንዙ በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ሆኖ ሞዴሉ 90 ቢል፣ ስህተቱ 10፣ በራሱ ሲባዛ 100። የካቲት ላይ ወንዙ 1 ሆኖ ሞዴሉ 0 ቢል፣ ስህተቱ 1፣ በራሱ ሲባዛም 1። ወንዙን ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ነሐሴን በትንሹ ከመሳት መቶ እጥፍ ቀላል ጥፋት ነው ማለት ነው። ኮምፒውተሩን የክረምት ጥያቄ ነው የጠየቅኩት፤ የክረምት መልስ ሰጠኝ። የመስኖ ጥያቄ ግን የበጋ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው ብላችሁ ልታልፉኝ ትችላላችሁ። ቀጥሎ ያለው ነው ያሳፈረኝ።

በጋው ለምን እንደሞተ ስፈልግ የፓራሜትር ሠንጠረዡ ላይ ደረስኩ። ስዋት ውስጥ ከርቭ ነምበር የሚባል ቁጥር አለ፤ ከዝናቡ ምን ያህሉ ሳይሰርግ በጎርፍ እንደሚሄድ የሚወስን። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ጎርፉ ይበዛል። የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ ሰዎች በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከራሳቸው እርሻዎች ልኬት ያወጡት ነው። ውሃ በቀላሉ ለማያሰርግ ጥቁር አፈር፣ ለታረሰ ማሳ፣ ሶፍትዌሩ ከ89 ነበር የተነሳልኝ። የኔ ካሊብሬሽን ያንን «በ10 በመቶ ጨምር» ብሎታል። ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው 0.10 ብቻ ነው፤ ሲታይ ምንም አይመስልም። 89 ላይ 10 በመቶ ስትጨምሩ 97.9 ይመጣል። መማሪያ መጽሐፉ ላይ 98 የተሰጠው ለምን መሰላችሁ? ለአስፋልትና ለቤት ጣሪያ።

የጉደርን ገበሬ ማሳ በሙሉ አስፋልት አልብሼዋለሁ። ዝናቡ ሲዘንብ ወዲያው ይንሸራተታል፤ ነሐሴ ላይ ጥሩ ሙላት ይሰጣል፤ መሬት ውስጥ የገባ ነገር ስለሌለ በበጋ ምንጭ የለም። ይሄ ሠንጠረዥ እኮ የተደበቀ አይደለም። መመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አለ፣ መጣጥፉ ላይ አለ፣ እናንተ ሁላችሁ ጋ አለ። ማንም አላየውም፣ እኔም።

እኔ ግን ማየት ነበረብኝ። የመረሬ ልጅ ነኝ። ኮቲቻ የሚባለውን ጥቁር አፈር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ሲሰነጣጠቅ ልጅ ሆኜ እጄን እስከ ክርኔ አስገባበት ነበር። አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤት ስላክ የተሰጠኝ ሳንቲም ስንጥቅ ውስጥ ገባብኝ፤ በእንጨት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ እቤት ስመለስ የጠበቀኝን ልምጭ አልነግራችሁም። ሳንቲሙ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። የግንቦት ዝናብ ቢወርድ ቢወርድ ሜዳው ላይ ጎርፍ የለም፣ ስንጥቁ ይጠጣዋል። ሐምሌ ሲገባ አፈሩ ያብጥና ይገጥማል፤ ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ጤፉ ዘግይቶ የሚዘራው፤ ሽምብራና ጓያው ደግሞ ውሃው ሲሸሽ መስከረም ላይ በቀረው እርጥበት የሚዘራው። ይሄን የአገሬ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ስዋትም ያውቃል! የስንጥቅ ፍሰት የሚባል አማራጭ አለው፤ ፋይሉ ውስጥ አንድ ቁጥር ከ0 ወደ 1 መቀየርና ለአፈሩ የስንጥቁን መጠን መስጠት ነው። መጀመሪያ ሲመጣ 0 ነው። 0 እንደሆነ ተውኩት። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ስሸሽ ክራኩን ራሱን ዘጋሁት ብላችሁ ሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

ቆይ ግን፣ ኮምፒውተሩ አስፋልት ለምን ፈለገ? ይሄን ለማግኘት ሁለተኛውን ሌሊት ፈጀብኝ። መልሱ ዝናቡ ላይ ነው። ስዋት ለእያንዳንዱ የተፋሰስ ክፍል የሚሰጠው ለመሃሉ ቅርብ የሆነውን የዝናብ ጣቢያ ነው። እኔ አብዛኛውን ቦታ የሸፈንኩት አምቦ ከተማ ላይ በተለካው ዝናብ ነበር። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንዲ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከተማው ላይ ፀሐይ ሆኖ ደንዲ ጥቁር ደመና ለብሶ ያላየ የአምቦ ሰው አለ? የደጋው ዝናብ ሞዴሌ ውስጥ አልነበረም። ወንዙ ላይ የተለካው ውሃ ግን ያንን ዝናብም ይዞ ነው የመጣው። ኮምፒውተሩ ውሃ ጎደለበት፤ የጎደለውን ከየት ያምጣ? ያለችውን ዝናብ እንዳትሰርግበት መሬቱን ደፈነው። ተንኮል የለበትም፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

እዚህ ላይ ስለ ክፍት ኮድ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። የከርቭ ነምበርን ነገር መጀመሪያ የተጠራጠርኩት እኔ አይደለሁም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ታሞ ስቲንሃይስና ባልደረቦቹ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋርም እየሠሩ፣ በአባይ ተፋሰስ ደጋማ ቦታዎች ዝናቡ ያው ሆኖ ክረምቱ በገፋ ቁጥር ጎርፉ እንደሚጨምር ተመልክተዋል፤ ምክንያቱም ጎርፉ የሚነሳው የታችኛው ተዳፋት ውሃ ሲጠግብ ነው እንጂ ዝናቡ ስለበረታ ብቻ አይደለም። ታዲያ ምን አደረጉ? ዛክ ኢስተን፣ ኤሚ ኮሊክና ሌሎቹ አብረው የስዋትን ኮድ ከፍተው ከርቭ ነምበሩን አወጡና በምትኩ የአፈሩን የውሃ ሚዛን አስገቡ። የአባዩን ውጤት በ2010 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ይጠብቁ ነበር። እኔ ይሄን መጣጥፍ ማስተርሴን ስሠራ አንብቤዋለሁ። ማጣቀሻዬ ውስጥም አለ። አንብቤ፣ ጠቅሼ፣ አለፍኩ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ለልጁ ደወልኩ። «ሞዴሉን ተወው። ሄደህ ለካው» አልኩት። መሣሪያ የለም አለኝ። «ቆረቆንዳ የለም?» አልኩት። ሳቀ፤ ክፍል ውስጥ ያሳየኋችሁ ነገር ነው። ወንዙ ቀጥ ያለበትን አሥር ሜትር ለካ፤ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ በአማካይ 12። ቆረቆንዳውን ለቀቀው፤ ደጋግሞ ሲለካ አሥሩን ሜትር በ25 ሴኮንድ ገደማ ይጨርሳል። ላይ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.8 ስናባዛው በሰከንድ 31 ሊትር ያህል መጣ፤ ድንቹ የሚጠጣው ከላይ የተጠለፈው ሳይቆጠር። በግምት ለአንድ ሄክታር በሰከንድ 1 ሊትር ብትይዙለት፣ ለታች ሰው የሚለቀቀው ተቀንሶም ቢሆን ለስንት ቤተሰብ እንደሚሆን እናንተው አስሉት። በየካቲት መጨረሻ ደግሞ ለካው፤ 22 ነበር። «ውሃ የለም» የተባለው ወንዝ ይሄ ነው።

ሪፖርቱን በለካው ቁጥር ጽፎ አስገብቷል። ቢሮው ጥያቄውን አልዘጋም፤ አላጸደቀም። እስካሁን «እየታየ ነው» ነው መልሱ።

እኔም ፎልደሩን አስተካክዬዋለሁ። ደጋውን በከፍታ ደረጃ ከፍዬ ዝናቡ ወደ ላይ እየጨመረ እንዲሄድ አደረግኩ፤ ስንጥቁን ከፈትኩ፤ ከርቭ ነምበሩ ከሦስት በመቶ በላይ እንዳይንቀሳቀስ አሰርኩት፤ ካሊብሬሽኑን ደግሞ በጋው በሚታይበት በሎግ ማርክ ጭምር ሠራሁ። የድሮው ማርክ ከ0.76 ወደ 0.68 ወርዷል። ያቺን ትንሽ ወንዝ አሁን የካቲት ላይ 14 ሊትር ይላታል፤ 22 አይደለም፣ ግን ዜሮም አይደለም። ገና ይቀረዋል።

መጣጥፉን ላወጣው ጆርናል ማስተካከያ ልኬያለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይሄን እዚህ እንዳልለጥፍ መክሮኛል፤ «ማዕረግህን ራስህ ልታስወርድ ነው?» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ጽሑፉን ይዤው ተቀምጬ ነበር። ግን ፎልደሩን ስንት ሰው ጋ እንዳደረስኩት ስቆጥር ስድስት ባች ነው። ከእናንተ ውስጥ ስንቱ አሁን ጌዶ፣ ባኮ፣ ጥቁር እንጭኒ፣ ጀልዱ ተቀምጦ ያንን 0.10 ይዞ የአንዱን ወንዝ በጋ ዜሮ እያደረገ እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ፦ ፎልደሩን የተጠቀማችሁበት ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። አዲሱን እልክላችኋለሁ፤ ኢንተርኔት የማይመቻችሁ አምቦ ስትመጡ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ሪፖርት ያስገባችሁበት ከሆነ አብረን እናየዋለን፤ የሚጻፍ ደብዳቤ ካለ እኔ እጽፋለሁ፣ በስሜ። እስከዚያው ግን የገበሬ ማሳ ላይ ከርቭ ነምበራችሁ ስንት ላይ እንደቆመ ዛሬ ማታ ከፍታችሁ እዩት።

ሌላም አለ። ደንዲ ተዳፋት ላይ አዳዳ፣ የአባቴ እህት፣ ትኖራለች። ሰኔ መጀመሪያ ሄጄ አንድ የፕላስቲክ ዝናብ መለኪያ በግቢዋ እንጨት ላይ አስሬላት መጣሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የልጅ ልጇ ያነብና ይደውሉልኛል። እስካሁን ሁለት ቀን ብቻ ነው ያመለጣቸው። ዛሬ ጠዋት፣

«ስንት ነው አዳዳ?»

«ሃያ ሦስት ይላል ልጁ። ግን እንዳትቆጥረው፣ ዶሮዋ ላዩ ላይ ወጥታ አግኝተናታል።»

ቆጠርኩት። ከጎኑ «ዶሮ» ብዬ ጽፌበታለሁ።